«ጾም ነኝ» እያልኩ የደበቅሁት ሕመም

ዛሬ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ፤ ያውም ተቀምጬ። «ታዲያ ይሄ ምኑ ይጻፋል?» ካላችሁ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉሮሯችሁ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውሃ የጠጣሁት ቆሜ፣ ጀርባዬን ከግድግዳ አስደግፌ፣ አንገቴን ወደ ኮርኒሱ ሰቅዬ ነው። ያም ሆኖ ግማሹ ይመለስ ነበር። ድካሙ ገና ከሰውነቴ አልወጣም፤ ብዕር ስይዝ እጄ ቶሎ ይዝላል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። እንደ እኔ ሕመሙን በጾም ስም ሸፍኖ የተቀመጠ ሰው ካለ ያንብበው። መጠጣት የሌለበትን ነገር በውሃ ጠርሙስ አድርጎ አልጋ ሥር ያስቀመጠ ሰው ካለም ያንብበው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ሲደርስ ያገኘዋል።

ትውልዴ ወሎ፣ ደሴ ዙሪያ ነው። ሆሳዕና የመጣሁት ባለቤቴ በመምህርነት ሲመደብ ተከትዬው ነው። እሱ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ልጅ አልወለድንም። ወደ አገሬ ልመለስ ስል ዛሬ ነገ እያልኩ፣ መሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት ውስጥ ከፋይሎቼ ጋር እዚሁ ቀረሁ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው።

የጀመረኝ በዐቢይ ጾም ነው። ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ምሳዬን ከፍቼ ሽሮ በእንጀራ ጎረስኩ። ጉርሻው ጉሮሮዬን አለፈና ደረቴ መሐል ቆመ። አላነቀኝም፣ እተነፍሳለሁ። ዝም ብሎ ቆመ፤ «ነገ ተመለስ» ቢሉት የማይሄድ ባለጉዳይ በር ላይ እንደሚቆመው። ውሃ ጨመርኩበት። ውሃው ከላዩ ላይ ቆመ። ሮጬ ከግቢው ጀርባ ሄድኩና ሁሉም እንደነበረ ተመለሰ፤ ሳይኮመጥጥ፣ ሳይመርር፣ እንደጎረስኩት።

በጥድፊያ በልቼ ነው አልኩ። በማግስቱ ደገመኝ። ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ አንድ ቀን አልፎ፣ ከዚያ በየማዕዱ።

መጀመሪያ በሄድኩበት ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ተባልኩ። የጨጓራ መድኃኒት ወሰድኩ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደሜን አይቶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» አለና መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው ሲያልቅ ሌላ ሄድኩ፤ እንደገና ጨጓራ። አንድ ወጣት ሐኪም ደግሞ ባሌ ከሞተ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀኝና «ጭንቀት ነው፣ ሰው መሐል ይዋሉ» አለኝ። ማንንም አልወቅስም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ የሚናገረውን ሰው በደንብ ለመስማት ጊዜ የላቸውም። እኔም ብሆን «ያቃጥልዎታል?» ሲሉኝ «አዎ» እል ነበር፤ አዎ ካልኩ መድኃኒት የሚሰጡኝ ይመስለኝ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ «እንጥልሽ ወርዶ ነው» ብላ እንጥል የሚቆርጡ ሴትዮ ዘንድ ልትወስደኝ ስትል ተከተልኳት። በሆመቾ መንገድ ነው። ግቢው ድረስ ገብቻለሁ። ሴትዮዋ ምላጩን በቀሚሳቸው ጠርዝ ሲጠርጉ አየሁና «ገንዘብ ረስቻለሁ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያንን ውሸት አልተናዘዝኩበትም።

የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ወረቀት አልጥልም። የየክሊኒኩን ማዘዣና ውጤት በጊዜ ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አሰርኩ። ፋይሉ ወፈረ፤ እኔ ቀጠንኩ። ቀሚሶቼን ልብስ ሰፊው ዘንድ ሦስት ጊዜ አስጠበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ ጨርቁ ራሱ ያልቃል» አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በእኛ አገር ሰው ፊት አለመብላት ቀላል ነገር አይደለም። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ!» የማይልሽ ሰው የለም። ባልበላ ይቀየሙኛል፤ ብበላ ደግሞ በሰው ፊት ይመለስብኛል። አንድ ቀን ማኅበር ላይ ጨንቆኝ «ጾም ነኝ፣ ስእለት አለብኝ» አልኩ። ወዲያው ሁሉም የዘረጋውን ጉርሻ መለሰ። «በሞቴ» ያለ ሰው አልነበረም። ይህች ቃል እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳላት ያኔ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ በየሄድኩበት እሷን ይዤ ዞርኩ። ሌላው በበዓለ ሃምሳ ሲፈስክ እኔ ስእለት፤ ፍልሰታ አልቆ ሌላው ሲገድፍ እኔ ሱባዔ ጨመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሴቶቹ «የእሷስ የመናኝ ነው» ሲባባሉ ሰማሁ።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሕመሙ ይልቅ ያመኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። መዋጥ አቅቶኝ እየከሳሁ፣ መክሳቴ ጽድቅ ተብሎ ሲወራልኝ ደስ አለኝ። ነጠላዬን እንኳ ፊቴን እንዲያጎላልኝ አድርጌ ማጣፋት ጀምሬ ነበር።

ብቻዬን ስሆን ግን ደስታው አይኖርም። ጋደም ስል ቀን የቀመስኩት ሁሉ ወደ አፌ ይመጣና ያስለኛል። ስለዚህ ሦስት ትራስ ደርድሬ ተቀምጬ ማደር ለመድኩ። ያንን ክፉ በሽታ አስብ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም። «በዚህ ሩቅ አገር ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ሳይሆን፣ የሚገርመው፣ «ፋይሎቹን ማን ይረከበኛል?» እያልኩ ነበር የምጨነቀው።

ያጋለጠችኝ ታደለች ናት። ታደለች የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ሀዲያ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ እንደ እኔ ባሏ ሞቶባታል፣ አራት ልጆች አሳድጋለች። ለብዙ ዓመት በየበዓሉ ምግብ ስንላላክ የእኔን ጾም እየጠየቀች አጥንታዋለች። ቤቷ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የእኔ ጾሞች እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ተከበዋል። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ያለበት ነገር ልካልኝ አታውቅም። ልጆቿ ተሳስተው ቢያመጡ እንኳ ከአጥሩ ማዶ «መልሱ! ዛሬ ዓርብ ነው!» ስትል ይሰማኛል።

ያሆዴ ደረሰ፤ የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ከመስቀል ጋር የሚገጥመው። በዋዜማው ታደለች አታካና ይዛ ገባች። አታካና ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ነው፤ ለክብር እንግዳ፣ ለአራስ የሚቀርብ። ትኩስ ነበር።

«ጥሩዬ፣ ሳይበርድ!»

«እግዜር ይስጥልኝ ታዱ፣ አስቀምጪው። ጾም ነኝ።»

ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የምን ጾም?»

«የጽጌ።»

«ጽጌ!» ብላ ሳቀች። «ጽጌ በሃያ ስድስት አይደለም የሚገባው? ዛሬ ዐሥራ ስድስት ነው። እኔ ጴንጤዋ ቆጥሬ ይዤልሽ አንቺ ትረሺዋለሽ?»

«የፈቃድ ነው… ስእለት አለብኝ።»

«የሰኔውም ስእለት ነበር። የነሐሴው ሲያልቅም ስእለት። ይሄ ስእለት ዕዳ ነው እንዴ፣ አያልቅም?» ከዚያ ሳቁ ጠፋባትና እጄን ያዘች። «ይሄ ክንድ ነው? በይ እሺ፣ ቅቤው ይቅር። ውሃ ጠጪልኝ። ውሃ የሚከለክል ስእለት ካለ ንገሪኝና እሄዳለሁ።»

ቀዳችልኝ። ከእሷ ፊት ተነሥቼ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አፈርኩና ተቀምጬ ጠጣሁ። ውሃው ወርዶ ቆመ፤ ቆየ፤ ከዚያ በአፌም በአፍንጫዬም ወጥቶ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ።

አልጮኸችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከካቻምናው ዐቢይ ጾም።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። በሀዲይኛ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። በመጨረሻ በአማርኛ «አንድ አጥር ነው ያለን» አለችኝ። «አንድ አጥር፣ ጥሩወርቅ! ጨው ስታጪ ትጠሪኝ የለም?»

በማግስቱ ከመስቀል ቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ የጾሜን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይሄ ጾም አልነበረም፤ መደበቂያ ነበር» አሉኝ። «ቀኖናሽ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እስክትድኚ ድረስ ጾም የሚባል ቃል ከአፍሽ አይውጣ።»

ደሴ ላለችው ታላቅ እህቴ ስደውል ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። «ድሮም ተመለሽ ብዬሻለሁ! በሰው አገር ማን ያስታምምሻል? አሁኑኑ ነይ፣ ጠበል እወስድሻለሁ።» ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ታደለች ሰምታ ኖሯል፤ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ጠበሉ መልካም ነው እመቤቴ፤ ግን በምን ይውረድላት? ውሃ አያልፍላትም እኮ!»

እህቴ ማልቀሷን ተወች። «ማነሽ አንቺ?»

«ጎረቤት ነኝ። ጴንጤ ነኝ፤ አይዞሽ፣ አልቀይራትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እኔን ሳይጠይቁ ይደዋወላሉ።

ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ የምግብ ቧንቧን የሚያይ ሐኪም በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሌላ ከተማ ይመጣል ተብለን ሐሙስ በጠዋት ሄድን። ከእኛ በፊት አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ከጊምቢቹ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከዱራሜ የመጣ አንድ አባትም የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ ተቀምጧል። ከበላያችን ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል።

ልጅቷ አስቴር ትባላለች። የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳለች፤ ሹራቡ ለቀጭን አንገቷ በጣም ሰፍቷታል። ስስልና ስመልስ አየችኝና ጠጋ አለች።

«አንቺም አሲድ ጠጥተሽ ነው?»

«አስቴር!» አለ አባቷ። «ለትልቅ ሰው እርስዎ ይባላል!»

«እርስዎም አሲድ ጠጥተው ነው?»

«አልጠጣሁም የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ምን ጠጡ?»

«ምንም።»

«ምንም ሳይጠጡ ተዘጋ?» አለችኝና በጥርጣሬ አየችኝ፤ ወረፋ ላይ ያለ አግባብ የገባሁ ይመስል።

አባቷ ማቴዎስ ዱራሜ ባጃጅ ይነዳል። ነገሩን የነገረን ዓይናችንን ሳያይ፣ የጫማውን ክር እየፈታና እያሰረ ነው። ለባትሪ የሚጨመር አሲድ ገዝቶ በታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አልጋ ሥር አኑሮ ነበር። ልጅቷ ስትጫወት ውላ ጠምቷት ገባች። «መርዝ ነው ብዬ ጠርሙሱ ላይ ጽፌበታለሁ» አለ። «በትልቁ ነው የጻፍኩት። አስቴር ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር።»

አስቴር ሁለት ዓመት ሙሉ ከሾርባና ከአጥሚት በቀር አልዋጠችም። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ጠባሳው የዘጋውን ቧንቧ በቱቦ ያሰፉላታል፤ ለጥቂት ቀን ይከፈታል፣ መልሶ ይጠባል። በኪሷ ቆሎ ይዛለች። ስታኝከው ቆይታ በፌስታል ትተፋዋለች። «ጣዕሙን እውጠዋለሁ» አለችኝ፤ «ሌላውን እተፋዋለሁ።»

ውሃ የምትጠጣበትን ዘዴም አስተማረችኝ። ትንሽ መጎንጨት፣ መቆም፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ከዚያ ተረከዝ ላይ ሦስት ጊዜ መዝለል። «ይሞክሩት» ስትለኝ ሞከርኩት። ሁለታችን እጃችንን ሰቅለን ኮሪደሩ ላይ ስንዘል ታደለች ሳቅ አፍኗት «ይቺ ናት መናኟ!» አለች። ውሃው ወረደ። እውነቴን ነው፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከከፈልኩበት ምክር ሁሉ የሠራልኝ የዚያች ልጅ ምክር ነው።

ቴሌቪዥኑ ዜና ጀመረ። ጦርነት ካለበት አገር ነው። ልጆች ባዶ ድስትና ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንዱ ልጅ ከሰልፉ መሐል ተገፍቶ ሳህኑን ወደ ካሜራው ዘርግቷል። ከዚያ ሌላ አገር አሳዩ፤ ድርቅ ነው፣ ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ፣ ዝንብ ለማባረር እንኳ አቅም ያነሰው። እንዲህ ያለ ምስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቤቴ ማዕድ ላይ ሆኜ ሲመጣ «አይ የዚህ ዓለም ነገር» ብዬ ቻናል እቀይር ነበር። ጉርሻዬን እንደያዝኩ። እዚያ ግን ሪሞቱ በእኔ እጅ አልነበረም።

አስቴር አፍጥጣ ታያለች። «እነዚያ ልጆች ጉሮሯቸው ታሟል?»

«አልታመመም። ምግብ ነው ያጡት።»

«እንግዲያ የእኔን ለምን አይሰጧቸውም? እናቴ ሁልጊዜ ታበስላለች። እኔ አልውጠውም።»

አባቷ ተነሥቶ ወደ ውጪ ወጣ።

ሐኪሙ ዘንድ ስገባ ፋይሌን ሰጠሁት። አንድ በአንድ ገለጠው። «ይህን ያህል የተሰናዳ በሽተኛ አይቼ አላውቅም» አለና ፋይሉን ዘግቶ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። «ውሃስ? ውሃም እንደ እንጀራው ይቆማል?» ይቆማል አልኩት። ያንን ቃል ለመናገር ይህን ያህል ዘመን ተንከራትቻለሁ። እናንተም እህልም ውሃም ደረታችሁ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ባይጠይቋችሁም ተናገሩ።

ኖራ የመሰለ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አነሱኝ። ቧንቧው ከላይ ሰፍቶ ከታች፣ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት፣ አፉ እንደታሰረ ጆንያ ሆኖ ይታያል። እዚያ ጋ ምግብ ሲመጣ የሚከፈት ጡንቻ አለ፤ የእኔው መከፈት አልፈልግም ብሏል። ከማንም የማይጋባ፣ ብዙ የማያጋጥም ሕመም ነው አለኝ። ሆኖም ክፉው በሽታም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል በቱቦው ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ላከው።

ውጤቱን የጠበቅሁበትን ጊዜ መተረክ አልችልም፤ ደክሞኛል። ታደለች የቤተ ክርስቲያኗን ሴቶች ይዛ መጥታ እኔ ቤት ጸለዩ፤ ስወጣ ስገባ የሚያዩኝ የተዋሕዶ ጎረቤቶቼ ምን ይሉ ብዬ መጋረጃ ዘጋሁ፤ ኋላ ግን ከእነሱም ሁለቱ መጥተው ተቀላቀሉ። ወጪውን የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች፣ ዕድራችንና እነዚያ የታደለች ሴቶች ተጋገዙበት። ማን ምን ያህል እንደሰጠ ልጽፍ ብል ታደለች «መዝገብ ቤት አታድርጊን» ብላ ከለከለችኝ።

ውጤቱ ክፉ አልነበረም። የቀረው በቱቦ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ የታሰረውን አፍ መለጠጥ ነው ተባልኩ።

የዚያን ሐሙስ አስቴር ከእኔ በፊት ገባች። ስትወጣ ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ማቴዎስን ወደ ጥግ ወሰደው። ጠባሳው በርትቷል፣ ቱቦው አላልፍ ብሏል፣ ከዚህ ወዲያ መለጠጥ ይቀደዳል ተብሎ ይፈራል፤ አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና መታየት አለባት። ሪፈር ተጻፈላት። ማቴዎስ ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ አወጣና እንዳይጨማደድ ብሎ መልሶ ዘረጋው።

ከዚያ ስሜ ተጠራ።

ስነቃ ደረቴን ያመኛል። ከሰዓታት በኋላ ነርሷ አስቀመጠችኝና ትንሽ ውሃ ሰጠችኝ። መነሣት ፈለግሁ፤ «ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ተጎነጨሁ። ቀዝቃዛው ነገር ወረደ፣ ደረቴ መሐል ደረሰ፣ እንዲቆም ጠበቅሁት። አልቆመም። ሄደ። ሌላ ተጎነጨሁ። ሄደ። ታደለች «ሃሌሉያ!» ብላ ክፍሉን አናጋችው፤ ነርሷ ተቆጣቻት፤ እኔ ብርጭቆውን ይዤ አለቅሳለሁ።

ቀና ስል በጎኔ ካለው አልጋ አስቴር ነቅታ አንገቴን ታያለች።

«አለፈልሽ?» አለችኝ። እርስዎን ረስታዋለች።

«አለፈልኝ» አልኩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያ የመዳኔ ቀን ነው። በምስጋና አስታውሰዋለሁ፤ ግን ያቺን የዞረች ማጅራት ሳላስታውስ ላስታውሰው አልችልም። አንዳንድ ሰው ስለ ተራቡ ልጆች ሲነግሩት «የእኛ ቢጤ ይህን አግኝቶ ማመስገን ነው» ይልና ማዕዱን ያነሣል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ምስጋናዬ እንዲያ ቀላል ሆኖ አይወጣልኝም። ታደለች አታካናውን እንደገና ሠርታልኝ ቅቤው አገጬ ላይ እየወረደ ስበላ፣ ያ ሳህኑን ወደ ካሜራ የዘረጋ ልጅና ቆሎዋን በፌስታል የምትተፋው ልጅ ማዕዱ ላይ ነበሩ። አልከለከሉኝም። በላሁ። ግን «በስመ አብ» ስል ፈጠን ብዬ አላልፈውም።

የነቢያት ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴ ቃሉን ከአፌ ፈቱልኝ። «ከቻልሽ፣ በልኩ» አሉኝ። ሐኪሙም አልከለከለኝም። ይህን ጾም እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መብላት እየቻልኩ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ለማንም ሳልናገር እጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም። ያለፈውን ውሸቴን በዚህ አጥበዋለሁ ብዬ ነበር፤ አንድ ቀንም እንዳይጎድል ተጠንቅቄ ነበር።

ለክትትል የተቀጠርኩት በዚያው ጾም ሐሙስ ጠዋት ነው። ብቻዬን ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ማቴዎስና አስቴር ተቀምጠዋል። የአዲስ አበባው ቀጠሮ ገና ነው፤ እስከዚያ ሐኪሙ ክብደቷን ሊያይ ነው የመጡት። ማቴዎስ ለራሱ የገዛውን ዳቦ ይዟል፤ ልጁ ፊት መብላት ከብዶት ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

አስቴር አላኮረፈችም። መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

«አሁንም ያልፍልዎታል?»

«ያልፋል።»

«ዳቦም?»

«ዳቦም።»

«ሲያልፍ ምን ይላል?»

ምን ብዬ ልንገራት? አርባ ስምንት ዓመት ስውጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ተዘግቶብኝም ያሰብኩት መዘጋቱን ነው። «ምንም አይልም» አልኳት።

«ውሸት» አለች። ዳቦውን ከአባቷ ጭን አነሣችና ዘረጋችልኝ። «ይብሉ፣ ልየው።»

«አስቴር፣ ተዪያቸው» አለ ማቴዎስ።

ሰዓቱን አየሁ። ጠዋት ሦስት ተኩል ነው። ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። «ጾም ነኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኖ መጣ። ልጅቷ እጇን አልመለሰችም።

አማተብኩና ቆረስኩ። አኘኩ።

አስቴር ትንሿን መዳፏን አንገቴ ላይ ጫነች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ዋጥኩ። ጉሮሮዬ ከእጇ ሥር ሲነሣና ሲወርድ ተሰማት፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«አለፈ?»

«አለፈ።»

«አሁን የት ነው?»

ጣቷን ይዤ ደረቴ ላይ አወረድኩት፤ እህሉ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ አልፌ እስከ ሆዴ። «እዚህ ደረሰ» አልኳት።

ሳቀች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ኖሯል፣ ያን ቀን ነው ያየሁት። መዳፏን መልሳ አንገቴ ላይ አደረገች።

«ይድገሙ» አለችኝ።

ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ ደገምኩ።